ወንዞች እስከ ልካቸው፤ ስለ ዘመነ አፍላግና ስለ ጎርፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ክረምትን አንድ ወጥ ወቅት አድርጋ አታየውም። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ከፋፍላ ለየክፍሉ ስም ሰጥታዋለች። የመጀመሪያው ክፍል እስከ ሐምሌ 18 የሚቆየው የዘርዕና የደመና ዘመን ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ሁለተኛው ክፍል የመብረቅ፣ የነጐድጓድ፣ የባሕር፣ የአፍላግና የጠል ዘመን ይባላል። አፍላግ ማለት ወንዞች ማለት ሲሆን ነጠላው ፈለግ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እስከ ነሐሴ 27 ያለው ደግሞ ዕጕለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ተብሎ ይጠራል፤ ደሰያት የተባሉት ደሴቶች ናቸው። ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በየዘመኑ እንደ አዘጋጀ ሁሉ ሊቃውንቱም በእነዚህ ሳምንታት ማሕሌቱንና ምስባኩን በዚሁ መሠረት ያደርሳሉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን አከፋፈል ብዙዎቻችን የምናውቀው በምሥጢራዊ ትርጕሙ ነው። ደመናው የትምህርት፣ ዝናሙ የቃለ እግዚአብሔር፣ ወንዙ የጸጋ ምሳሌ ሆኖ ሲተረጐም እንሰማለን። ትርጕሙ የታመነ ነው። ነገር ግን ስሙን ያወጡት አባቶች ወንዙን በዐይናቸው ያዩ፣ በፈረስና በእግር የተሻገሩ፣ ሙላቱ እስኪጎድል ዳር ላይ የጠበቁ ሰዎች መሆናቸውን ልንዘነጋ አይገባም። «የአፍላግ ዘመን» ማለት በቀጥታ ትርጕሙ ወንዞች የሚሞሉበት ጊዜ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሙን ከዚህ ወገን እናየዋለን፤ ምክንያቱም በሀገራችን ጎርፍ ሰው ሲወስድ ቀኑ በተደጋጋሚ በዚሁ ዘመን ውስጥ ወድቆ እናገኘዋለን።

ጉባና የወንዞች ጉባኤ

ወንዝ እንዴት እንደሚሞላ በአንድ ስፍራ ሆኖ መረዳት ለሚሻ ከጉባ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ጉባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኝ ቆላማ ወረዳ ናት፤ ማእከሏም ማንኩሽ የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። ዓባይ ከኢትዮጵያ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፈው በዚህች ወረዳ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተቀመጠው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም እዚሁ ነው።

ዓባይ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሰከላን፣ ግሽ ዓባይን፣ ጣናንና ጢስ ዓባይን ነው። ይሁን እንጂ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ውኃ ጉባ ከሚደርሰው ውስጥ ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረውን የሚያመጡት በመንገዱ ከግራና ከቀኝ የሚቀላቀሉት ናቸው፤ ከወሎ በሽሎ፣ ከሸዋ ጀማና ሙገር፣ ከምዕራብ ጉደርና ዴዴሳ፣ ከአሶሳ አቅጣጫ ዳቡስ፣ ከመተከል ደግሞ በለስ። ውኃው ከጣና ተነሥቶ ጉባ እስኪደርስ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በግድቡ ቦታ የሚያልፈው የዓመቱ ውኃ በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን ከዐምስት አራት እጅ ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይፈስሳል። በበጋ በእግር የሚሻገሩት ገባር በክረምት ግንድ ይዞ የሚወርደው ስለዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። በጉባ የቆመ ሰው ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ወንዙ ሲነሣ ሊያይ ይችላል። በበሽሎና በጀማ ራስጌ ከቀናት በፊት የጣለው ዝናም ገና መድረሱ ነው። ስለዚህ በራስ ሰማይ ብቻ ወንዝን መመዘን አያስተማምንም።

ሌላም አለ። ዝናም ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል ጎርፉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ቀን ዝናም መሬቱ ይጠጣዋል። መሬቱ ከጠገበ በኋላ ግን ያው መጠን ያለው ዝናም፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰው፣ የሚሰርግበት ስለማይኖር በሙሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ነዋሪው «ትናንት ከዚህ የበለጠ ዘንቦ ምንም አልሆንንም» ብሎ የሚተኛው በዚህች ሌሊት ነው። ዛፉ ተመንጥሮ፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ በወጣበት ተራራ ደግሞ መሬቱ መጀመሪያውኑ የመጠጣት ዐቅም ስለሌለው ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። በነገራችን ላይ ዓባይ በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ደለል ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሮዛሪስ ግድብ ብዙ የውኃ መያዣ ቦታውን ያጣው በዚህ ከደጋችን በሄደ አፈር ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ዙሪያው ሁሉ ተራቁቶ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ብቻ በደን ተከቦ ሲታይ ደኑ ለግርማ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው መሬት ዛሬም ውኃ ይጠጣል።

አሁን ሕዳሴ ግድብ ከተሞላ ወዲህ «ጉባ ላይ ጎርፍ የሚባል ነገር አብቅቷል» የሚል አስተሳሰብ ሲነገር እንሰማለን። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ የሚችል በመሆኑ የክረምቱን ሙላት ተቀብሎ ለዓመቱ ሊያከፋፍል ይችላል፤ ይህም ከግርጌው ላሉት ሁሉ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ግድቡ የሚገታው ዋናውን ወንዝ ነው። ከየኮረብታው ተነሥተው በመንደሮች መካከል የሚያልፉት ትንንሽ ጅረቶች ወደ ሐይቁ እስኪደርሱ ድረስ እንደ ጥንቱ ይሞላሉ። ከሐይቁ ዳር የሰፈረ ሰው ደግሞ አባቶቹ የማያውቁት አዲስ ነገር ገጥሞታል፤ ንጋት ተብሎ የተሰየመው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይሸሻል። ዳሩ ገደል በሆነበት ለውጡ እምብዛም አይታይም፤ ዳሩ ሜዳ በሆነበት ግን ውኃው ጥቂት ከፍ ሲል ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ይገባል። በበጋ ደረቅ ሆኖ ያገኙትን መሬት የዘላለም ደረቅ አድርጎ ቤት መሥራት የሚያሰጋው ለዚህ ነው።

የ1998 ክረምት

የጎርፍ ጠባይ አንድ እንዳልሆነ ከ1998 ዓ.ም. ክረምት በላይ ያስተማረን የለም። በዚያ አንድ ክረምት ሦስት ዓይነት ጎርፍ በሦስት የሀገሪቱ ማዕዘናት ደረሰ።

የመጀመሪያው በድሬዳዋ ነው። ደቻቱ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆይ ወንዝ ነው። ሰው በላዩ ይመላለስበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳር ዳሩን ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናም ደቻቱን በሌሊት ሞላው። ሰዎች ተኝተው ነበር። ከ250 በላይ ነፍሳት አለፉ፣ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። እንዲህ ያለውን አማርኛችን «ደራሽ ጎርፍ» ይለዋል፤ ሳይታሰብ ይደርሳል፣ በሰዓታት ውስጥም ያልፋል። ከደራሽ ጎርፍ የሚያድነው ንብረትን ትቶ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ብቻ ነው። ዕቃ ለማውጣት ወደ ቤት የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ሁለተኛው ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 7 አካባቢ፣ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች ወረዳ ሆነ። የኦሞ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ያለውን ዝቅተኛ ሜዳ ሸፈነው፤ በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 364 ነበር። ሰዎች በውኃ በተከበቡ ጕብታዎች ላይ ቀሩ፤ በጀልባና በሄሊኮፕተር ይፈለጉ ጀመር። ቀጥሎ የሚመጣውን ወቅት አባቶች «ደሰያት» ማለታቸውን ልብ ይሏል። የኦሞ ነገር ግን ሌላም ገጽ አለው። የዳሰነች ሰው በየዓመቱ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ እየዘራ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ሙላቱ እንጀራው ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ወንዙን ከያዘው ወዲህ ያ የተለመደ ሙላት ሲቀንስ የተቸገረው ይኸው ሕዝብ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃው እንደገና በዝቶ አፈናቀለው። በበዛ ጊዜ ሞት፣ ባነሰ ጊዜ ረኃብ።

ሦስተኛው በጣና ዙሪያ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ነበር። ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው፣ ሐይቁም ከፍ ብሎ መውጫ አጥተው፣ ውኃው በሜዳው ላይ ተኛ። እዚህ ጥፋቱ በዝግታ የመጣ ነው፤ ሰው ከሞት ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል፣ እህሉና ከብቱ ግን በውኃ ውስጥ ይቀራሉ።

ጉባ ከእነዚህ ከሦስቱም የየድርሻዋን ይዛለች። ጅረቶቿ እንደ ደቻቱ ናቸው፣ ሐይቋ እንደ ጣና ነው፣ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ደግሞ ልክ እንደ ኦሞ በሰው እጅ የተያዘ ሆኗል።

«እስከ ልካቸው»

በመስተብቍዕ ጸሎቶቻችን ውስጥ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ የሚቀርብ ልመና አለ። በእኅት ቤተ ክርስቲያናችን በግብፅ ይኸው ልመና ጊዜ ተወስኖለታል፤ ከሰኔ 12፣ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ጀምሮ እስከ ጥቅምት 9 ስለ ወንዞች ውኃ ይጸለያል፤ ከዚያ ስለ ዘር፣ ቀጥሎም ስለ አየርና ስለ ፍሬ ይሆናል። ሰኔ 12 የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኛ ደጋ ዝናሙ የሚጀምርበት፣ በግብፅም ውኃው መነሣት የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ዝናሙ በሰከላና በወሎ ይጥላል፣ ጸሎቱ በእስክንድርያም ይደርሳል።

እኛ እዚህ ላይ ማተኰር የምንፈልገው ልመናው በሚጠይቀው ነገር ላይ ነው። ውኃው እንዲሁ እንዲበዛ አይለምንም፤ እግዚአብሔር ወንዞችን እስከ ልካቸው ከፍ እንዲያደርጋቸው ነው የሚለምነው። «ልክ» የሚለው ቃል ለግብፃውያን ረቂቅ ነገር አልነበረም። በካይሮ በሮዳ ደሴት እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ፣ እስከ ዛሬም የቆመ የዓባይ መለኪያ አለ፤ በጕድጓድ ውስጥ የቆመ፣ በክንድ የተመለከተ የድንጋይ ዓምድ ነው። ውኃው 16 ክንድ ሲደርስ ደስታ ይሆን ነበር። ብዙ ክንድ ካነሰ የረኃብ ዓመት ነው፤ እጅግ ካለፈ መንደር ይጠፋል። እንግዲህ ያች ጸሎት የምትጸለየው መለኪያው እየታየ ነበር ማለት ነው። ጸሎቱና ልኬቱ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆነው አልተቈጠሩም።

በመጽሐፍ ቅዱስም ውኃ ወሰን ያለው ፍጥረት ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን ውኃውን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ የብሱን ገልጦታል፤ ለኢዮብም በተናገረው ቃል ለባሕር በርና መወርወሪያ እንዳደረገለት፣ እስከዚህ ብቻ እንዲደርስ እንደ ወሰነለት ያስረዳዋል (ኢዮብ 38)። መጽሐፈ ኢያሱ ደግሞ ዮርዳኖስ በመከር ወራት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይሞላ እንደ ነበር በመግለጽ የወንዙን የሙላት ወቅት ይመዘግባል (ኢያ. 3፥15)። ወንዝ የሚሞላበት ወቅት አለው፣ የሚሞላበት ስፍራም አለው። በክረምት ውኃው የሚተኛበት ሜዳ የወንዙ ርስት ነው፤ በበጋ ቢለቅቀውም አልተወውም። አንድ ከተማ ስትሰፋ ድሀው የሚደርሰው ይህ መሬት ነው፤ ዋጋው የሚረክሰውም ለዚሁ ነው።

ልክን የማወቅ ነገር ድንበርም ይሻገራል። በ2012 ክረምት መጨረሻ በሱዳን ዓባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ የ1946ቱንና የ1988ቱን የፈረንጆች ዓመት ሙላት በለጠ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 2018 እንደገና በሱዳን ውኃው ሲነሣ ግብፅ ግድቡን ተጠያቂ አደረገች፤ ኢትዮጵያም ክሱን አስተባበለች። የቴክኒኩን ክርክር ለባለሙያዎች እንተወዋለን። ሦስቱ ሀገራት መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም በፈረሙት የመርሖዎች መግለጫ ስለ መረጃ ልውውጥና ስለ ግድብ ደኅንነት የተስማሙባቸው አንቀጾች ግን አሉ። ከጉባ በታች በወንዝ ዳር ለምትኖር እናት ውኃው ነገ ምን ያህል እንደሚሆን ማወቅ ከማናቸውም የፖለቲካ ቃል በላይ ያስፈልጋታል።

ስለ ሟቾች የሚነገር ቃል

ጎርፍ ሰው በወሰደ ቁጥር «የኀጢአታቸው ዋጋ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴም ከዐውደ ምሕረት ይሰማል፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል። ጌታችን ስለዚህ ጉዳይ በቀጥታ ተናግሯል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን ዐሥራ ስምንት ሰዎች አንሥቶ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንደ ነበሩ የሚያስቡ ካሉ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ አልነበሩም (ሉቃ. 13፥4-5)። ከዚያ የንስሐ ጥሪውን ያቀረበው ለሞቱት ሳይሆን ቆመው ለሚሰሙት ነው።

ስለዚህ በአደጋ ጊዜ ንስሐን መስበክ የተገባ ነው፤ ሰባኪው ግን ጣቱን መቀሰር ያለበት ወደ ራሱና ወደ አድማጮቹ ነው። የደቻቱ ሕፃናት ከሌላው ሰፈር ሕፃናት የበለጠ ምን በደሉ? በሌሊት የሞቱት ቤታቸው በአሸዋው ዳር ስለ ነበረ ነው። በዚያ የነበረውም ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ልጁን ቀብሮ ለመጣ አባት የሚነገር ቃል ጸሎተ ፍትሐትና መጽናኛ ነው። ለእኛ ለቀረነው ደግሞ የንስሐው ፍሬ በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ዳር ሌላ ቤት እንዳይሠራ ማድረግንም ይጨምራል።

በፍልሰታና በጳጉሜን

የአፍላግ ዘመን ከታላላቅ የመንፈሳዊ ጕዞ ጊዜያት ጋር ይገጥማል። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ምእመናን ወደ ገዳማትና ወደ አድባራት ሱባዔ ሊይዙ ይሄዳሉ፤ በየአጥቢያውም ሕፃናት ሳይቀሩ ሊያስቀድሱና ሊቈርቡ ማልደው ይወጣሉ። በገጠር ይህ ማለት በወንዞች ሙላት ጊዜ በጨለማ ወንዝ መሻገር ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ግልጽ ነገር እንናገር። በኀይል የሚወርድ ውኃ ጉልበት ሳይደርስ፣ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ሲል ብቻ፣ ጕልማሳን ይጥላል። ሁለት ክንድ ያልሞላ ጥልቀት መኪናን ያንሳፍፋል። ውኃው ከደፈረሰ ሥሩ አይታይምና ትናንት የተሻገሩበት መሻገሪያ ዛሬ ተቦርቡሮ ጕድጓድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከማዶ ያለው ቅዳሴ ቢያመልጥ ወንዙ እስኪጎድል የጠበቀ ሰው ከጾሙ በረከት አይጎድልበትም። የንስሐ አባቶች ይህን አስቀድመው ለልጆቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው፤ ምእመኑ ከሬዲዮ ይልቅ የእነርሱን ቃል ይሰማልና።

ጳጉሜንም እንዲሁ ናት። በእነዚህ ቀናት በወንዝ መታጠብ፣ በተለይ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ጳጉሜን 3 በዝናሙ መጠመቅ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማም ወደ ወንዝ መውረድ የቈየ ልማድ ነው። ልማዱን አንነቅፍም፤ ሕፃናት በዝናሙ ሲቦርቁ ማየትም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጳጉሜን ዓባይና ገባሮቹ ገና ሞልተው ያሉበት ጊዜ ነው። በረከቱ በዝናሙም በጠበሉም ይገኛል፤ የግድ ከወንዙ መካከል መግባት አያስፈልግም። ልጆች ብቻቸውን፣ በሌሊትም ማንም ሰው፣ ወደ ሞላ ወንዝ ባይወርዱ እንመክራለን።

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ማንም የሌለው ሀብት አላት። አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ የሚተከሉት በጕብታ ላይ ነው፤ ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ደወላቸው ሩቅ ይሰማል። ሰበካ ጉባኤው ከወረዳው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ባለሙያዎችና ከቀበሌው ጋር ተማክሮ ከሐምሌ በፊት አንድ የደወል ምልክት ቢወስን፣ ያም ምልክት ለቅዳሴ ወይም ለሞት ከሚደወለው የተለየ ቢሆንና ለሕዝቡ ሁሉ ቢነገር፣ በሌሊት የሚደርስን ጎርፍ ለማስታወቅ ከዚህ የቀረበ መሣሪያ በብዙ ትንንሽ ከተሞች የለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የዝናም ትንበያ ከቅዳሴ በኋላ ከሌሎቹ ማስታወቂያዎች ጋር ማንበብ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በወንዙ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንንና መራመድ የማይችሉ ሕሙማንን ቤት ለይተው ቢያውቁ፣ በዚያች ሌሊት ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ቢከፋፈሉ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚያልፈው አደጋ ሳይደርስባቸው ያወጧቸዋል።

በጉባና በአሶሳ ዙሪያ ይህ ሲሆን አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በዚያ የምእመኑ ጎረቤት ሙስሊም ነው፣ ጉሙዝና በርታም ነው። መተከል በቅርብ ዓመታት በግጭት ብዙ ደም የፈሰሰባትና ብዙ ሰው የተፈናቀለባት ምድር ናት። ተፈናቅሎ የቈየ ሰው ደግሞ ሲመለስም ሆነ በመጠለያ ሲሰፍር ባገኘው ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። የጕብታው በር በዚያች ሌሊት ሲከፈት ለሁሉም መከፈት አለበት፤ ይህን በር ላይ ቆሞ የሚወስን ሰው በችኮላ ከሚወስን ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ቢወስነው ይሻላል።

ውኃው ከጎደለ በኋላ

ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዜና አይሆንም። ምንጮችና የጕድጓድ ውኃዎች ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ተቅማጥና ኮሌራ የሚነሣው በዚህ ነው። የመጠጥ ውኃ መፍላት ወይም በመድኃኒት መታከም አለበት። በጎርፍ የተሸፈነ የጠበል ምንጭም ከላዩ የገባው ደለልና ቆሻሻ እስኪጠራና ዙሪያው እስኪጸዳ ድረስ ለመጠጥ ባይቀዳ ጥንቃቄ እንጂ የእምነት ጕድለት አይደለም፤ ጠበሉን በንጽሕና መጠበቅ የአገልጋዮቹ ሥራ ነው። ከሁሉም ይልቅ በቆላ የሚያሰጋው ወባ ነው። ጎርፉ ሲሸሽ በየጕድጓዱና በየኰቴው የሚተወው የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ዋናው የወባ ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የተቀበሩት ተቀብረው፣ የተረፉት በመጠለያ ተጨናንቀው ባሉበት ጊዜ የሚደርስ ሁለተኛ ጎርፍ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለተጐዱ ወገኖች ርዳታ የሚሰበስቡ ማኅበራት ከልብስና ከእህል ጋር አጎበርንና የውኃ ማከሚያን ቢያስቡ ይበጃል፤ አሮጌ ልብስ ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይመጣል፣ አጎበር ግን አይመጣም።

መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ይፈጸማል፣ በማግስቱም ዘመነ ጽጌ ይገባል። በደጋው ሰማይ ይጠራል፣ ጅረቶች ይጎድላሉ። በጉባ ግን የንጋት ሐይቅ ከየተራራው የወረደውን ሁሉ ተቀብሎ እጅግ የሚሰፋው ወደዚሁ የክረምት መጨረሻ ነው፤ በዳሩ የሰፈሩትም ጽጌ ገብቶ ሳለ ገና ወደ ውኃው እያዩ ይሰነብታሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።